ክንድ ተኩል

ከአቃቂ በታች፣ ከፋብሪካው ጓሮ፣
አንድ ቦይ አለ የተረሳ ድሮ፤
ማን እንደ ቆፈረው ብትጠይቅ ሰፈሩን፣
አንዱ «ጣሊያን» ይላል፣ አንዱ «ከዚያ በፊት»፣
አንዱ ያይሃል እንጂ አይነግርህም ነገሩን።

እኔ የመጣሁት ደለል ልለካ ነው፤
ገመድ፣ ድንጋይ፣ ደብተር፣
ጭቃ ያልለመደ የመሥሪያ ቤት ጫማ፤
የተቀበለኝም የበሩ ዘበኛ፣
በሰባ ዓመቱ ዛሬም ኮፍያውን አዘንብሎ የሚደፋ፣
ጋሽ ዱጉማ።

ጀልባዋ፣ ጀልባ ከተባለች፣
ሁለት በርሜል ተሰንጥቆ፣ ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ፣
ቀዳዳው በታርጋ ተለብዶ፤
ኮድ ሦስት ይላል ጎኗ፣ ቀሪው ቁጥር ዝጎ፤
«የቀራት ቦሎ ነው» አለኝ ክንዴን ይዞ፣
ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ።

ሞተር የለም። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት
ግድግዳውን ይገፋል፤
እምቦጩ ይከፈትልናል፣ ከኋላችን መልሶ ይገጥማል።
ውሃው የማን እንደሆነ ያስታውቃል፤
የሳሙና አረፋ፣ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ፣
የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣
ቀለሙ የሸሸ የሠርግ መጥሪያ፣
ቀኑ ግን የሚነበብ፦ ባለፈው ቅዳሜ ማታ።

የመጀመሪያው በር ጋ ደረስን።
ጋሽ ዱጉማ ወጣ፣ መዘውሩን ጨበጠ፤
ብረቱ ጮኸ፣ እርግቦች ተነሡ፣
በሩ ከኋላችን ወረደ፣ ብርሃኑ ተቆረጠ።
ፊት ለፊት በር፣ ከኋላ በር፣
ግራና ቀኝ ጥርብ ድንጋይ፣
ከላይ ነጠላ የምታህል ሰማይ።

«አሁን ምን እናደርጋለን?» አልኩ።
«ምንም» አለ፤ «ውሃው ያደርገዋል።»

ከፊተኛው በር ሥር፣ መዳፍ በምታህል ቀዳዳ፣
ውሃ ገባ፤
መጀመሪያ እንደ ሐሜት፣ በኋላ እንደ ዕዳ።
ዓይኔ ፊት የነበረው የድንጋዩ አረንጓዴ ጢም
ከትከሻዬ በታች ወረደ፤
የወጣነው እኛ እንደሆንን የገባኝ ቆይቶ ነው።
ማንም ሳይሸከመው ከፍ የሚል ሰው
ግድግዳው የሄደ ይመስለዋል ለካ።

እስኪሞላ አወራኝ።
ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል፣ ነጭ ሱሪ፤
በሃያ ሁለት ዓመቱ ሶቪየት ተልኮ
መርከብ ደረጃ ሲወጣ ማየቱን፤
በር፣ ውሃ፣ በር፣ ውሃ፣ ኮረብታ ላይ፣ ከነመልሕቁ!
የአንዱ በር ጠባቂ ሴት ነበረች፤
መስኮት ሥር ሹራብ እየሠራች
ያን ሁሉ ብረት በአውራ ጣቷ አነሣችው፣
ቀና ብላም አላየችን።
«ያኔ ነው የተመኘሁት» አለኝ፤
«እሷን አይደለም፤ ሥራዋን።»

ከዚያ ጦርነቱ። መርከቧ ሄደች፣ ባሕሩም ተከተላት፤
አንድ ቀን ካርታ ሲያይ
የአገሩ ጠርዝ ደርቆ አገኘው።
«እኔም ወዲህ» አለ፣
«በር ፈልጌ።»

ሁለተኛው በር ተነሣ፤ ጠፈጠፈብን።
ከቦዩ ከንፈር በላይ ነበርን፤
የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በየሰገነቱ ልብስ፣
ከወዲያ ማዶ ባቡር
ጭነቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲገሰግስ።
ጋሽ ዱጉማ እጁን አነሣለት፣
መርከበኛ ለመርከብ እንደሚያነሣው።

ገመዴን ጣልኩ። ድንጋዩ ቶሎ ደረሰ፣
በጣም ቶሎ።
እንደገና ጣልኩ፤ ያው ነው።
የድሮው መዝገብ አራት ክንድ ይላል፤
ከሁለት ያነሰ «ይደፈን» ይላል መመሪያው፤
እሱም ያውቃል።

«ስንት?» አለ፣ ሳያየኝ።
መዋሸት ይቻል ነበር፤ ደብተሩ የእኔ፣ እርሳሱ የእኔ።
«ክንድ ተኩል።»
እንጨቱን ከጭቃው ነቀለ፣
ታርጋዋን በመዳፉ ጠረጋት፤
«ይበቃል፤ እሷ የምትፈልገው ስንዝር ነው።»

ስንመለስ፣ የታችኛውን በር ካለፍን በኋላ፣
ሰማዩ እያጉረመረመ፣
ሳይቸኩል ወጥቶ መዘውሩን ያዘ፤
በሮቹ መካከል ያለውን ባዶ እንደገና ሞላው፣
ከላይ ለሚመጣ።
«ማን ይመጣል ብለህ ነው?»
«ባውቅ ኖሮ» አለ፣ «ዘበኛ ምን ያደርጋል?»

ቢሮ ገብቼ ቁጥሩን ጻፍኩ።
«አስተያየት» ከሚለው ሥር ያለው ክፍት ቦታ
እስከ ዛሬ
ውሃ እየሞላ ነው።